ቤሰል ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው። ፉሪየር ትራንስፎርም (ፈንክሽንን ወደ ሞገዶች የሚበትነው) ገብቶኛል። ሃንክል ትራንስፎርም ላይ ስንደርስ ግን ከርነሉ (ኢንቲግራሉ ውስጥ ፈንክሽናችን የሚባዛበት) በድንገት ቤሰል ፈንክሽን ሆነ፤ «ያዙት» ተብለን አለፍን። ከየት መጣ? ኢንቲግራሉ ውስጥ ያለችው ትርፍ ራዲየስስ ምን ትሠራለች? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እኅቴ፣ ይሄ በፍጹም የሚሸመደድ ነገር አይደለም። እዚህ ደብረ ብርሃን የማስተምራቸውም እንዳንቺው ይጠይቁኛል፤ ደስ የሚለኝ ጥያቄ ነው።

ፉሪየርን በጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቢው፤ ሁለት ተለዋዋጭ አለው። ፈንክሽንሽ ግን ከመሀል ባለው ርቀት ብቻ ይወሰን። በየትም አቅጣጫ ብትዞሪ አይለወጥም። እንግዲህ የማዕዘኑን ኢንቲግራል፣ ከ0 እስከ 360 ዲግሪ፣ ለብቻው መሥራት ትችያለሽ። ውስጡ የሚቀረው የፉሪየር ሞገድ ብቻ ነው። የሳይኑ ክፍል እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ኮሳይኑ ይቀራል። በክቡ ዙሪያ አማካዩን ውሰጂ። ያገኘሽው ዜሮኛው ቤሰል ፈንክሽን ነው! ስለዚህ ቤሰል ባዕድ አይደለም፤ እዚያው ፉሪየር ውስጥ ነበር። ሃንክል ማለትም ይሄው ለክብ ነገር የተጻፈ ፉሪየር ነው። ከርነሉን የመረጠው ክቡ ነው።

ራዲየሷም ትርፍ አይደለችም። ቤት ውስጥ እንጀራ ሲጋገር ልብ በዪ፤ ሊጡ ከዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መሀል ይገባል። ከመሀል 20 ሳንቲሜትር ላይ ያለው ዙር 10 ላይ ካለው በእጥፍ ይረዝማል፤ ሊጥም እጥፍ ይፈጃል። ኢንቲግራሉም እያንዳንዱን ቀለበት እንደ ርዝመቱ መቁጠር አለበት። ራዲየሷን የጣለ ተማሪ ዳሩንና መሀሉን እኩል ቆጠረ ማለት ነው። ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚሄደው እዚች ጋ ነው።

ጥቅሙስ? የሙቀት ስርጭት እኩልታ ውስጥ ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ አለ፤ አንደኛው ዴሪቬቲቭም ለራዲየስ ተካፍሎ ይደመርበታል። ያ ሁሉ በሃንክል ሲያልፍ በኔጌቲቭ የድግግሞሽ ስኩዌር ማባዛት ብቻ ይሆናል። ዲፈረንሺያል እኩልታው አልጀብራ ሆነ ማለት ነው። ወለሉ ግን ክብ ጠርዝ ካለውና ጠርዙ ላይ ዋጋው ዜሮ ከሆነ፣ ኢንቲግራሉ ወደ ድምር ይለወጣል። የሚፈቀዱትን ድግግሞሾች የሚወስኑት ቤሰል ዜሮ የሚሆንባቸው ነጥቦች ናቸው፤ 2.405፣ 5.520፣ 8.654 እያለ ይቀጥላል።

ለነገሩ ቤሰል የሥነ ፈለክ ሰው ነበር፤ እነዚህን ፈንክሽኖች እ.ኤ.አ. በ1824 በስፋት ያጠናቸው የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ ሲመረምር ነው። ትራንስፎርሙ የተሰየመበት ሃንክል ደግሞ ያረፈው ገና በ34 ዓመቱ ነው።

አሁን ወረቀት አውጪ። የራዲየስን ስኩዌር ለ2 አካፍይ፣ ኔጌቲቭ አድርጊው፣ የኢ (e፣ 2.718 ገደማ የሆነው ቁጥር) ፓወር ላይ አስቀምጪው። ያን ፈንክሽን በሃንክል አሳልፊው። ራዲየሷን ካልረሳሽ ራሱ ተመልሶ ይመጣል።