ኤርባስ ወይስ ቦይንግ? ከኮክፒቱ ወንበር ላይ ሆኜ ልመልስላችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት ቦይንግ 737 አብርሬአለሁ፣ አሁን ያለሁት ኤርባስ ኤ320 ላይ ነው። የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ የመጣውን እመልሳለሁ። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ካፒቴን፣ ኤርባስ መሪ የለውም የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ከፊትህ ምንም የለም። በጎንህ ሳይድስቲክ የምትባል አጭር እጀታ አለች። ካፒቴኑ በግራ፣ ረዳት አብራሪው በቀኝ እጁ ይይዛታል። መሪ ስለሌለ ከፊትህ ጠረጴዛ ትስባለህ፣ ይሄ ለረጅም በረራ ትልቅ ነገር ነው። ኤ320 በ1988 ሥራ ሲጀምር የእጅህን ትእዛዝ የሚቀበለው ኮምፒውተር ሆነ፤ ክንፉንና ጭራውን የሚያዘው እሱ ነው። 737 መጀመሪያ የበረረው በ1967 ነው፣ መሪው ዛሬም በኬብልና በሃይድሮሊክ ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ ስትቀይር ምን ከበደህ?

እጄን ማሳረፍ። 737 ላይ ፍጥነት በቀየርክ ቁጥር ትሪም ታደርጋለህ (መሪውን ሁልጊዜ እየገፋህ ወይ እየሳብክ እንዳትይዝ ጭራውን ታስተካክላለህ)፣ አውራ ጣትህ ከቁልፉ አይለይም፣ ጉልበትህ አጠገብ ያለው ትልቅ ጎማም እየተንኳኳ ይዞራል። ያ ድምፅ ራሱ መረጃ ነው። ኤ320 ትሪሙን ራሱ ይሠራል። 25 ዲግሪ አዘንብለህ ስቲኩን ብትለቀው በዚያው 25 ዲግሪ መዞሩን ይቀጥላል። ሲሙሌተር ላይ የመጀመሪያ ቀን ስቲኩን እየነካካሁ አፍንጫውን ሳወዛውዘው አሰልጣኜ «እጅህን ጭንህ ላይ አድርግ» አለኝ። አደረግኩ። አውሮፕላኑ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ነው የገባኝ።

ጥያቄ፦ ሁለቱም አብራሪዎች ስቲካቸውን አንድ ላይ ቢያንቀሳቅሱስ?

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የኤ320 ሁለቱ ስቲኮች አልተያያዙም። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ትእዛዝ ይደምራል፤ አንዱ ወደ ላይ ሌላው በዚያው ልክ ወደ ታች ካዘዘ ይጠፋፋሉ። «ዱዋል ኢንፑት» (ሁለት ትእዛዝ) የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዱ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ከያዘ ሌላው ከጨዋታ ውጪ ይሆናል። ችግሩ ጓደኛህ ምን እያደረገ እንደሆነ እጅህ አይነግርህም። 737 ላይ መሪዎቹ የተያያዙ ስለሆኑ እሱ ሲስብ የአንተም ወደ ሆድህ ይመጣል።

ሰኔ 1 ቀን 2009 ከሪዮ ወደ ፓሪስ ሲበር አትላንቲክ ላይ የወደቀውን የኤር ፍራንስ 447 አስቡ። ኤርባስ ኤ330 ነበር፣ ስቲኮቹም እንደ ኤ320 ያልተያያዙ ናቸው፤ 228 ሰው አለቀ። ፍጥነት የሚለኩት ቱቦዎች በበረዶ ተደፈኑ፣ አውቶፓይለቱ ለቀቀ፣ የሚያበረው አብራሪ ስቲኩን ወደ ኋላ ሳበ፣ ክንፉም አውሮፕላኑን መሸከም አቃተው፤ ስቶል የሚባለው ይሄ ነው። እስከሚወድቅ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ እንደሳበ ነበር። የባሰው ደግሞ ፍጥነቱ ከልክ በታች ሲወርድ የስቶል ማስጠንቀቂያው ዝም ይላል፣ አፍንጫውን ዝቅ ሲያደርጉ መልሶ ይጮሃል። ትክክለኛውን ነገር ስታደርግ የሚጮህብህ ማስጠንቀቂያ ማለት ነው። ስቲኩ ብቻውን አደጋውን አላመጣም፣ ግን መሪ ቢሆን ኖሮ ጎኑ ያለው ሰው ያየው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ አለቃው ኮምፒውተሩ ነው አብራሪው?

ኤ320 በመደበኛ ሁኔታው ከ67 ዲግሪ በላይ አላዘነብልም፣ አፍንጫዬንም ከ30 ዲግሪ በላይ አላነሳም ይልሃል። የፈለግከውን ያህል ጎትት፣ አያልፍም። የቦይንጉ 777 ከ1995 ጀምሮ በኮምፒውተር ነው የሚበረው፣ ግን 35 ዲግሪ ስታልፍ መሪው ይከብድሃል እንጂ አይከለክልህም። እኔ የኤርባሱን ገደብ እወደዋለሁ። ተራራ ከፊትህ ሲመጣ ስቲኩን እስከ መጨረሻው ስበህ ትይዛለህ፣ ስቶል እንዳይሆን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ትሮትሉ (የሞተሩን ጉልበት የሚያዘው ማንሻ) በራሱ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ቦይንግ ላይ አውቶትሮትሉ ጉልበት ሲጨምር ማንሻው እጅህ ሥር ይሄዳል። ኤርባስ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ይቀራል፣ የምታውቀው ከስክሪን ነው። የቦይንጉን እመርጣለሁ። ግን እሱም ብቻውን አያድንም፤ በ2013 ሳንፍራንሲስኮ ላይ የኤዥያና 777 ሲያርፍ ማንሻው ዝቅ ብሎ ቆሞ ነበር፣ እነሱ ግን ፍጥነቱን አውቶትሮትሉ የሚጠብቅላቸው መስሏቸው ነበር። ሦስት ሰው ሞተ። ስክሪኑ አናት ላይ ያለችውን፣ አውቶማቲኩ አሁን ምን እየሠራ እንደሆነ የምትነግረውን የሞድ መስመር ደጋግማችሁ አንብቡ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ቦይንግ 737 ማክስስ ምን ትላለህ?

ይሄን ስጽፍ ያመኛል። በጥቅምት 2018 ላየን ኤር 189 ሰው፣ መጋቢት 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ደግሞ 157 ሰው ይዞ ወደቀ፣ ሁሉም አለቁ። ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓት ከአንድ ሰንሰር ብቻ የተሳሳተ መረጃ ተቀብሎ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ከመጀመሪያው አደጋ በፊት አብራሪዎቹ ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩ እንኳ አልተነገራቸውም። አብራሪ የማያውቀውን ነገር እንዴት ይታገላል? አሁን ሁለቱን ሰንሰር ያነጻጽራል፣ ደጋግሞም አይገፋም። ይሄ መጀመሪያውኑ መሆን ነበረበት።

ጥያቄ፦ አውቶፓይለት ካለ እናንተ ምን ትሠራላችሁ?

የምናዘው እኛ ነን። ከፍታውን፣ ፍጥነቱን፣ መንገዱን እንነግረዋለን፣ ከዚያ የነገርነውን እያደረገ መሆኑን እንከታተላለን። አየሩ ሲፈቅድ ደግሞ አጥፍቼ በእጄ አርፋለሁ፣ እጅ ሳይሠራ ከቆየ ይረሳል።

ጥያቄ፦ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትባል?

ኤ320ን። ድካሙ ያንሳል፣ የብልሽት መልእክቱም ከነመፍትሔው ስክሪን ላይ ይመጣልሃል፤ 737 ላይ መብራቱን አይተህ መጽሐፍ ታገላብጣለህ። አንድ ነገር ግን እንዲቀየርልኝ እፈልጋለሁ። ጋልፍስትሪም ጂ500 በሚባለው የግል ጄት ላይ ሁለቱ ሳይድስቲኮች በኤሌክትሮኒክስ ተገናኝተው አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ቴክኖሎጂው አለ ማለት ነው። ጓደኛዬ ሲስብ የእኔም ስቲክ መዳፌ ውስጥ ሲንቀሳቀስ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ።