ተናካሽ ሲክሊዶችን በአንድ ገንዳ ማኖር፦ ጥያቄና መልስ ለደሴና ለኮምቦልቻ አርቢዎች

መልስ፦ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርእስ ሲክሊድ ነው፤ ድንበሩን እየተናከሰ የሚጠብቅ የዓሣ ዘር። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አለሁ። ስትጠይቁ ሰፈራችሁን፣ የገንዳውን ርዝመት በሴንቲሜትር፣ የዓሣውን ዓይነትና ብዛቱን ጻፉ። ያለዚያ መልስ የለኝም።

ከፒያሳ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ዓሣዎቼ ይነካከሳሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የትኞቹ? ስንት ናቸው? ገንዳው ስንት ሴንቲ ነው?

ከሆጤ፦ ገንዳዬ 120 በ50 በ50 ነው። 12 ምቡና አሉኝ። አንዱ ሰማያዊ ወንድ ሌሎቹን መቆሚያ አሳጣቸው። ላስወግደው?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። አታስወግደው፣ እሱ ቢወጣ በነጋታው ሁለተኛው ይተካዋል። ምቡና የማላዊ ሐይቅ የቋጥኝ ሲክሊድ ነው። ወንዱ አልጌ (ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር) የሚግጥበትና ሴቷን የሚጠራበት የራሱ ድንጋይ አለው፤ የሚናከሰውም ለዚያ ነው። እዚያ የተሸነፈው ጥቂት ሜትር ርቆ ይገላገላል። ገንዳ ውስጥ የሸሸ ግን መስታወት ይገጥመውና ዞሮ አባራሪው ፊት ነው። እንግዲህ የእኛ ሥራ ዱላው አንድ ዓሣ ላይ እንዳያርፍ መበተን፣ እርስ በርስም እንዳይተያዩ መጋረድ ነው።

ለአንድ ወንድ ቢያንስ ሦስት ሴት ይኑር። ያንተ ገንዳ 300 ሊትር ስለሆነ ከ20 እስከ 25 ብታደርሳቸው አባራሪው ማንን እንደሚከተል ይጠፋዋል። ይህን የምለው ፊልተሩ ጠንካራ ለሆነና በየሳምንቱ ሲሶውን ውኃ ለሚቀይር ሰው ብቻ ነው። ድንጋዩን ከዳር እስከ ዳር፣ እስከ ውኃው አናት ጠጋ አድርገህ ደርድር። የእኛው ጥቁር ድንጋይ ይበቃል። ግን አሸዋ ከማፍሰስህ በፊት ወለሉ ላይ ስስ ስፖንጅ አንጥፈህ ድንጋዩን እዚያ ላይ አስቀምጥ። አሸዋ ላይ ያረፈውን ከሥሩ ይቆፍሩታል፣ ይናዳል፣ መስታወቱን ይሰነጥቃል።

የተጠቃውን ለማወቅ ሂተሩ ጋ ተመልከት። በሂተሩና በመስታወቱ መካከል ተሸጉጦ፣ አፉን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ክንፉን ሰውነቱ ላይ አጣብቆ የሚቆም ካለ፣ የጭራው ጫፍም ከተቀዳደደ፣ ዛሬ ማታ አውጣው። ነገ ካልክ ሬሳ ነው የምታወጣው።

ከቧንቧ ውኃ ሰፈር፦ ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ከመልፋት ሁለት ብቻ መያዝ አይቀልም?

ከአራዳ፦ እኔም እንደዚያው ነኝ። ሁለት ከሆኑ ይላመዳሉ፣ አብሽር።

መልስ፦ አይላመዱም። ሁለት አታድርጉ። ሁለት ሲሆኑ ጉልበተኛው ቀኑን ሙሉ የሚነክሰው ያንኑ አንዱን ነው። ወይ አንድ፣ ወይ ብዙ፣ ወይም ከስድስት ጫጩቶች መካከል ራሳቸው ተመራርጠው የተጣመሩ ወንድና ሴት። ከሱቅ "ጥንድ ናቸው" ተብሎ የተሰጠ ጥንድ አይደለም።

ከአራዳ፦ የኔዎቹ ግን አራት ወር አብረው ኖረዋል፣ ወላሂ አንድም ቀን አልተነካኩም።

መልስ፦ ጫጩት ሲሆኑ ሁሉም ሰላም ነው። ሲጎለምሱ እንነጋገራለን።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ 60 ሴንቲ ገንዳ፣ ሁለት ኦስካር።

መልስ፦ ኦስካር ትልቅ ሲክሊድ ነው፣ 30 ሴንቲ ይደርሳል። በዚያ ገንዳ መዞሪያ አያገኝም። ለአንዱ ብቻ 300 ሊትር ያስፈልጋል። ሁለት አታድርጉ ብያለሁ። አንዱን ሰፊ ገንዳ ላለው ስጥ። ቦርከና ወንዝ ላይ እንዳትለቀው።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ ያለ ሂተር ነው የማሳድገው፣ ምንም አልሆኑም። የደሴ ሰዎች ብር ታባክናላችሁ።

ከሆጤ፦ አንተ ሙቀት ላይ ሆነህ ነዋ! እዚህ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን የኅዳር ብርድ ና እየው።

ከኮምቦልቻ፦ ገንዳውን በጋቢ ሸፍነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም የቸገረው ብርድ ብቻ ይመስላችኋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። የውጭ አገር ሰው "25 ዓሣ ይችላል" ያለው ገንዳ ያለ ተጨማሪ አየር እዚህ አይችልም። የተጨናነቀ ገንዳ ያለው ሁሉ ይህን ይያዝ። ፊልተሩ የውኃውን ገጽ ያናውጥ፣ የአየር ፓምፕ ሌት ተቀን ይሥራ፣ ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ አይለፍ። ደሴ ላይ ለ300 ሊትር አንድ ባለ 300 ዋት ሂተር ከምትገዙ ሁለት ባለ 150 ግዙ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። የኮምቦልቻውም ቢሆን ሌሊት ላይ ቴርሞሜትር ሳያይ "ምንም አልሆኑም" አይበል።

መብራት ሲሄድ ቀድሞ የሚያልቀው አየሩ ነው። 300 ሊትር ውኃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ያዙ፣ መብራቱ እስኪመጣ አትቀልቡ። ዝግ ፊልተር (ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ፣ በክዳን የታሸገ) ያላችሁ፣ ለብዙ ሰዓት ቆሞ ከነበረ እንዲሁ አታስነሱት። ውስጡ የከረመው ውኃ መርዝ ነው፤ ድፉትና ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውኃ እጠቡ። የቧንቧው ክሎሪን ስፖንጁ ውስጥ ያለውን ውኃ የሚያጠራ ባክቴሪያ ይፈጅባችኋል።

ከሮቢት፦ ገንዳውን ትናንት ሞላሁት። ዛሬ ዓሣ ልጨምር?

መልስ፦ አይ። ከዓሣው ኩስ የሚመጣውን መርዝ፣ አሞኒያውን፣ የሚበላው ባክቴሪያ እስኪራባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። መለኪያ ግዛ። አሞኒያና ከእሱ የሚወጣው ናይትራይት ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ የለም።

ከቧንቧ ውኃ ሰፈር፦ ከሐይቅ ከተማው ሐይቅ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩት አምጥቼ ከኦስካሩ ጋር ባደርግስ?

መልስ፦ ቆሮሶ ራሱ ሲክሊድ ነው። ወንዱ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፣ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ታቅፋለች። ሲያድግ ኦስካሩን ያክላል። አይሆንም።

ከአራዳ፦ ሐይቅ እኮ የቆሮሶ አገር ነው፣ ድሮም ነበር።

ከሆጤ፦ የለም፣ ኋላ በሰው እጅ የገባ ነው ይባላል።

መልስ፦ የሆጤው ልክ ነው። ሰው ነው ያስገባው፤ እንደ ገባም በሐይቁ የነበረውን ሌላ ሕይወት ቀይሯል። ለዚህ ነው የሰለቻችሁን ዓሣ ሐይቅም፣ አርድቦ ሐይቅም፣ ቦርከናም አትልቀቁ እያልኩ የምደጋግመው። ወደ ገንዳ እንመለስ።

ከፒያሳ፦ ፍላወርሆርን (ግንባሩ ያበጠው ሲክሊድ) ከምን ጋር ይሆናል?

መልስ፦ ብቻውን።

ከፒያሳ፦ ከሴቷ ጋርስ?

መልስ፦ ብቻውን አልኩ እኮ።

ከሰኞ ገበያ፦ ጋሼ፣ ለምቡና የበሬ ልብ መስጠት ጥሩ ነው? ጉልበት ይሰጣል አሉኝ። ገንዳው 100 ሴንቲ ነው፣ 14 ናቸው።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትሰጪ። አንጀቱ ረጅም ነው፣ አልጌ ሲግጥ የኖረ ነው። የከብት ሥጋና ስቡ ሆዱን ይነፋዋል፤ ምግብ ይተፋል፣ ነጭ ክር የመሰለ ኩስ ይጥላል፣ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ያለበት ምግብ፣ በሳምንት አንድ ቀን በፈላ ውኃ የተነከረ ሰላጣ ወይም ዝኩኒ ስጪ። ትንሽ ትንሽ፣ በሁለት ቦታ በትነሽ፤ አንድ ቦታ ካፈሰስሽው ጉልበተኛው ብቻውን ይዞት ያድራል።

ከኮምቦልቻ፦ ተክል መትከል ይቻላል?

መልስ፦ ይነቅሉታል።

ከሰኞ ገበያ፦ አራት አዳዲስ ልጨምር ነው፣ እንዴት ላስገባ?

መልስ፦ አራቱንም በአንድ ጊዜ። አንድ አንድ እያልሽ ካስገባሽ እያንዳንዱ ለብቻው ይደበደባል። በመጀመሪያ ለሦስት ሳምንት በሌላ ዕቃ ለይተሽ አቆዪያቸው፣ በሽታ ይዘው እንዳይመጡ። በሚገቡበት ቀን ድንጋዩን ሁሉ ቦታ አቀያይሪ፤ ነባሮቹ ድንበራቸው ሲጠፋባቸው እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ነባሮቹን አጥግቢ፣ የገንዳውን መብራት አጥፊ፣ ከዚያ ልቀቂያቸው። መብራቱ እስኪነጋ አይብራ። ጠዋት ስታይ ሂተሩ ጋ የተሸጎጠ ካለ ለይተሽ አውጪውና የጭራውን ፎቶ ላኪልኝ።