ክርኑን ከመተኮሳችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ደሴ ላይ ልብስ ስሰፋ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ድሮ ሰው ጨርቁን ገዝቶ ነበር የሚመጣው። አሁን አብዛኞቻችሁ ሰኞ ገበያ ቦንዳ ሲፈታ ተጋፍታችሁ ያወጣችሁትን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። «ጋሼ፣ ይቺን ያጥብቡልኝ፤ ለነገ ትድረስልኝ» ትሉኛላችሁ። አብሽሩ፣ ትደርሳለች። ግን መቀሱን ከማንሳቴ በፊት ልብሱን ደጋግሜ ሳገላብጥ አይታችሁኛል። ምን እንደምፈልግ ዛሬ ልንገራችሁ።

ሙያውን ገና ስለምድ ነው። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ኮት ለልጃቸው እንዲጠብ አመጡ። አለቃዬ ወጣ ብሎ ነበር። እኔ ጎበዝ ለመባል ብዬ ኮቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ዘረጋሁና በከሰል ካውያ ጥርት አድርጌ ተኮስኩት። እጅጌው ቀጥ አለ። እናትየው ሲመለሱ እጃቸውን በቀጥታ የሰደዱት ወደ ክርኑ ነው። ዳበሱት። ደግመው ዳበሱት። «ክርኑስ?» አሉኝ።

ሱፍ የለባሹን ቅርጽ ይይዛል። የሰውየው ክንድ ለዓመታት የታጠፈበት ቦታ ጎበጥ ብሎ ቀርቶ ነበር። እኔ በእንፋሎት አጠፋሁት። አልተቆጡኝም። ኮቱን አጣጥፈው በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ። ለልጃቸውም ሳይጠብ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ልብስ ባለቤቱን ሳልጠይቅ ተኩሼ አላውቅም።

ልብስ ላይ የሚነበብ ነገር አለ። የቀኝ ክርኑ ብቻ ከሳሳ፣ ለባሹ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ የሚጽፍ ሰው ሊሆን ይችላል። የግራ እጅጌው ጫፍ ከውስጥ ከተፋቀ፣ የእጅ ሰዓት ፍቆት ይሆናል። የልጅ ቀሚስ ታች ላይ ሁለት ሦስት የደበዘዙ መስመሮች ካያችሁ፣ ልጅቷ ባደገች ቁጥር ቅምቅማቱ እየተፈታ ረዝሟል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በየጊዜው ፈትቶላታል። ኮሌታው ሥር የተሰፋ ስም ካገኛችሁ፣ ልብሱ ከብዙ ሰው ልብስ ጋር በአንድ ላይ ይታጠብ ነበር። አዳሪ ትምህርት ቤት ይሆናል፣ ሆስፒታል ይሆናል፣ የአረጋውያን መጦሪያ ይሆናል። ይህን ስም ቅደድልን ስትሉኝ እጄ እሺ አይለኝም።

ብዙ ምክር አላበዛም። አንዱን ያዙልኝ፤ የተጠገነውን ግዙ። ሁላችሁም እንከን የሌለውን ፍለጋ ትጋፋላችሁ። በእጅ የተጣፈው፣ ገበሩ የተቀየረው፣ ቁልፉ በሌላ ቁልፍ የተተካው ከታች ይቀራል። ሰው ግን የማይወደውን ልብስ አይጥፍም። ደካማ ጨርቅም ጥገና አይችልም፤ መርፌው በገባበት ይቀደዳል። ጥገና ተሸክሞ እዚህ የደረሰ ልብስ እናንተንም ይሸከማል። ጨርቁን ለማወቅ ደግሞ ከውስጥ ከስፌቱ ትርፍ ላይ አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት ለኩሱት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና ሲነኩት አመድ ከሆነ ሱፍ ነው። ቀልጦ እንደ ዶቃ ከጠጠረ የፕላስቲክ ዘር ነው። ለጦሳ ተራራ ብርድ ሱፉን ያዙ።

አንድ ልጅ ወፍራም ግራጫ ኮት አመጣልኝ። ውስጡ ላይ ሉል ያለባት፣ ከሉሏ በላይ መስቀል የቆመባት ምልክት ተሰፍታለች። ሃሪስ ትዊድ ነው። ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ባሕር ላይ ባሉ ደሴቶች የሚሠራ ሱፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በብሪታንያ ሕግ ወጥቶለታል። ሱፉ እዚያው ደሴቶቹ ላይ ካልተነከረና ካልተፈተለ፣ ሸማኔውም በገዛ ቤቱ በእጁ ካልሸመነው በዚህ ስም አይሸጥም። መሣሪያው ሞተር የለውም፤ ሸማኔው በእግሩ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ይህን ስነግረው ልጁ ዝም አለ። አያቱ ሸማኔ ነበሩ። እግራቸውን የሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ ከትተው ሲረግጡ እያየ ነው ያደገው። እጅጌውን አሳጠርንለት እንጂ ሌላ ምንም አልነካንበትም።

እኔ የምወደው ግን ቡናማውን ኮት ነው። ሌላ ልጅ ከልዋጭ ነጋዴ ገዝቶት መጣ። የደረት ኪሱ በቀኝ በኩል ነው። «ጋሼ፣ ሰፊው ተሳስቷል፤ ይዝጉልኝ» አለኝ። ሰፊው አልተሳሳተም። ድሮ የኮት ፊቱ ሲደበዝዝ ሰው አይጥለውም፤ ያስገለብጠው ነበር። ሰፊው ኮቱን በሙሉ ይፈታዋል። ያልደበዘዘውን የውስጥ ገጽ ወደ ውጭ አዙሮ እንደገና ይሰፋዋል። ያኔ የግራው ኪስ ወደ ቀኝ ይዞራል። የቁልፍ ቀዳዳዎቹም በቀጭን ክር ይደፈናሉ። ይሄኛው ሰፊ የደፈነውን ለማግኘት በጥፍሬ መፈለግ ነበረብኝ። እንዲህ ያለ እጅ ነበር በዚህ አገር።

«ማን ይሆን የለበሰው?» አለኝ ልጁ። «አስተማሪ ይመስለኛል።» እኔ ልጁን የሚድር አባት ነው አልኩ፤ የአዲስ ኮቱ ገንዘብ ለድግሱ ሄዶበታል። እንዲህ እያልን ቡናችን ቀዘቀዘ። መገመት ደስ ይላል፤ ያላያችሁትን ሰው እንድታስቡለት ያደርጋል። ግን ያያችሁትንና የፈጠራችሁትን አታደባልቁ። መገልበጡን አይተነዋል። ሠርጉን እኛ ጨመርነው። ባለቤቱ ተነስቶ «አይደለም» ሊላችሁ አይችልምና በእሱ ፈንታ ስትናገሩ ተጠንቀቁ።

ደግሞ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከደሴ ስንሸሽ ሰው የያዘውን አይቻለሁ። ቴሌቪዥኑን ትቶ የእናቱን ጋቢ የተሸከመ ነበር። ስንመለስ ብዙ ቤት ባዶ ሆኖ ጠበቀን። ገበያ ላይ ጥልፍ ያለበት ቀሚስ፣ ከጀርባው ስም የተጻፈበት ፎቶ፣ የቆየ ጋቢ ካገኛችሁ ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ አጠያይቁ። የሚያለቅስለት ባለቤት ሁለት ሰፈር አልፎ ይኖር ይሆናል።

እኔ ጋ ስፌት የተማረች አንዲት ልጅ ነበረች። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ እዚያ ተቀጠረች። ቀኑን ሙሉ የኮት ኪስ ብቻ ነበር የምትሰፋው። ኮቱ ወደ ውጭ ይሄዳል። ለዒድ መጥታ ስትጠይቀኝ «ጋሼ፣ የኔ ኪስ ውስጥ ማን ይሆን እጁን የሚከተው?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ትዝ አይለኝም። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ቀርቷል። ኪስ ስትጨርስ ጫፉ ላይ ሦስት ጊዜ ወደኋላ ትመልሳለች፤ እንዲያ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ። አሁን ሰኞ ገበያ ቦንዳ ሲፈታ የኮቶቹን ኪስ አንድ በአንድ እየከፈትኩ የስፌቱን ጫፍ እዳብሳለሁ። እስካሁን አላገኘሁትም።