አባ ኬብል ይጠየቁ፦ ስለ ማይክሮሰርቪስ፣ ስለ ክላውድና ስለ ቡና ሚዛን

አዘጋጅ፦ እንደምን አመሻችሁ። የጅማ ሶፍትዌር ሠሪዎች የጥያቄና መልስ ምሽት ተጀምሯል። የዛሬው መላሽ ለአብዛኞቻችሁ አዲስ አይደሉም። የከተማችንን ቢሮዎች ኬብል ሲዘረጉ ኖረው፣ ካለፉት 12 ዓመታት ወዲህ ለቡና ማኅበራት ሶፍትዌር ይሠራሉ። በአገሩ ወግ የፈረስ ስም ሰጥተናቸው አባ ኬብል እንላቸዋለን። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይመልሳሉ። ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ የተጠየቀውን አንብቡ።

አባ ኬብል፦ «አንብቡ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ከሁሉ በፊት ግን፣ የዳታቤዛችሁን መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ የከፈታችሁት መቼ ነው? መቅዳት አላልኩም፤ መልሶ መክፈት ነው ያልኩት። እሺ፣ ቀጥሉ።

የአዌቱ ልጅ፦ ጋሼ፣ አምስት ሆነን ለሆቴሎች የክፍል ማስያዣ ሥርዓት እየሠራን ነው። በማይክሮሰርቪስ፣ ማለትም ለየብቻ በሚሠሩ ትናንሽ አገልግሎቶች ከፋፍለን እንጀምር ወይስ በአንድ ወጥ ፕሮግራም? ሁሉም ሰው ወደ ማይክሮሰርቪስ ሄዷል ይባላል።

አባ ኬብል፦ «ሁሉም ሰው» የሚባለውን ሰውዬ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አሽጎ የሚያስኬደው ዶከር እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። በ2014 ጄምስ ሉዊስና ማርቲን ፋውለር ስለ ማይክሮሰርቪስ የጻፉት ጽሑፍ ቃሉን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። በዚያው ዓመት ጉግል እንዲህ ያሉ እሽጎችን በብዙ ሰርቨር ላይ የሚያስተዳድረውን ኩበርኔቲስን ለሁሉም ክፍት አደረገ። ሦስቱ ተገጣጠሙና ዓለም ሥርዓቱን ይቆራርጥ ጀመር። የቆራረጡት ግን ቸግሯቸው ነው፤ በመቶና በሺህ የሚቆጠር ፕሮግራመር አንድ ኮድ ላይ ሲረባረብ እርስ በርሱ ይጋጫል። ሜልቪን ኮንዌይ በ1968 እንደጻፈው፣ አንድ ድርጅት የሚሠራው ሥርዓት የድርጅቱን ሰዎች የመነጋገሪያ መስመር ይመስላል። እናንተ አምስታችሁ ከአንድ ጀበና ነው የምትጠጡት። ሥርዓታችሁም አንድ ይሁን።

ድንበሩን በኮዱ ውስጥ አብጁ፤ ክፍያው ለብቻ፣ ማስያዣው ለብቻ፣ አንዱ የሌላውን ሠንጠረዥ እጁን ሰዶ እንዳይነካ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ፣ ሰርቨሩ አንድ። እንግዳው በዝቶ መቆራረጥ ካስፈለገ በዚያ ድንበር ላይ ትቆርጣላችሁ። በ2023 የአማዞን ፕራይም ቪዲዮ አንድ ቡድን የቪዲዮ ጥራት መከታተያውን ከተበታተነ አሠራር ወደ አንድ አምጥቶ ወጪውን ከ90 በመቶ በላይ እንደቀነሰ ራሱ ጽፏል። ይህ ስለ አንድ አገልግሎት የተነገረ ነው፤ ነገ ደግሞ «አማዞን ማይክሮሰርቪስ ተወ» እያላችሁ እንዳታወሩ።

ባለ በርጩማ፦ በዚህ አልስማማም። በአንድ ወጥ ሥርዓት አንዱ ክፍል ሲወድቅ ሁሉም አብሮ ይወድቃል። በርጩማ እንኳን በሦስት እግር ነው የሚቆመው።

የአዌቱ ልጅ፦ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። እግሩ አይገጣጠምም። ስምህን ከማውጣትህ በፊት ብታይ ጥሩ ነበር።

ባለ በርጩማ፦ እግሮቹ ግን ሦስት ናቸው!

ከቦሳ ቂጦ፦ ከአንድ ግንድ የሚወጣው የድሮው ነው። አሁን ገበያ ላይ በሚስማር የተመታም አይቻለሁ።

የአዌቱ ልጅ፦ በሚስማር የተመታው ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ?

አዘጋጅ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አባ ኬብል፦ አንዱ እግር ሲሰበር ሁለቱ አያቆሙህም፤ አገልግሎቶችህም እርስ በርስ የሚጠባበቁ ከሆነ እንደዚያው ናቸው። አለፍን።

4ኛ ዓመት፦ የትኛውን የፕሮግራም ቋንቋ ልማር?

አባ ኬብል፦ የጀመርከውን።

የጎማ ሚዛን፦ እንደምን አመሹ። እኔ የማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ፕሮግራመር አይደለሁም። እሸት ቡና ስንረከብ በስልክ እንመዘግባለን። አንዳንድ ቀን የአንድ ገበሬ ቡና ሁለት ጊዜ ገብቶ ይገኛል። መዝጋቢዎቹ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመዘንነው ብለው ይምላሉ።

አባ ኬብል፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። እህቴ፣ መዝጋቢዎችሽ እውነታቸውን ነው፤ አትቆጫቸው። ልጁ 86 ኪሎ ብሎ ጽፎ «ላክ» የሚለውን ይጫናል። መዝገቡ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ ይገባል። «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ወደ ስልኩ ሲመለስ ግን ኔትወርኩ መንገድ ላይ ይቋረጣል። ስልኩ አልተላከም ይላል፤ ልጁ እንደገና ይጫናል። ሰርቨሩ ይህ የቅድሙ 86 ኪሎ ይሁን ሌላ ጆንያ የሚለይበት ምልክት የለውም። እኔም የመጀመሪያውን የማኅበር ሶፍትዌር ስሠራ በዚሁ ተይዣለሁ፤ የአንድ ወቅት ሒሳብ ከወረቀት ጋር ሳመሳክር ገና ዋለ፣ ጥምቀት አለፈ።

መድኃኒቱን አንቺ ከእኔ በፊት ታውቂዋለሽ፤ የደረሰኝ ቁጥር ነው። የደረሰኙ ቁጥር የሚታተመው ቡናው ሚዛን ላይ ሳይወጣ ነው። ስልኩም እንደዚያ ያድርግ። ምዘናው ሲጀመር ስልኩ ራሱ የማይደገም መለያ ያውጣ፤ ሠሪዎቹ ዩዩአይዲ ይሉታል። መዝገቡ አሥር ጊዜ ቢላክ በዚያው መለያ ይላክ። ዳታቤዙ ያንን መለያ ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል ገደብ ይደረግበት። ሁለተኛው ሲመጣ ሰርቨሩ «ስህተት» ብሎ መጮህ የለበትም፤ «ቀድሞ ደርሶኛል» ብሎ የመጀመሪያውን መልስ ይድገም። ከጮኸ ስልኩ አሁንም ደጋግሞ ይልካል።

ደግሞ ስልኩ መጀመሪያ ለራሱ ይጻፍ። ኤስኪውላይት የሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ በየስልኩ ውስጥ አለ፤ መዝገቡ እዚያ ይቀመጥ፣ ገበሬው ይሸኝ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ከበስተጀርባ ይላክ። የስልኩን ሰዓት ብቻ አትመኑ፤ የተመዘነበትና ሰርቨሩ የተቀበለበት ሁለቱም ይያዙ። ስህተት ሲታረም የድሮው መዝገብ አይደምሰስ፤ ማስተካከያ ይጨመርበት። ይህን የሒሳብ ሰው ለሆነ ሰው መንገር ነውር ነው፤ ለፕሮግራመር ግን ደጋግሜ መንገር አለብኝ።

ሰን ማይክሮሲስተምስ በሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የነበሩ መሐንዲሶች፣ ሥርዓት ሠሪዎች በየዋህነት የሚያምኗቸውን ነገሮች ሲዘረዝሩ በአንደኛ ቁጥር ያሰፈሩት «ኔትወርኩ አስተማማኝ ነው» የሚለውን ነው። በክረምት ከጅማ አጋሮ የደወለ ሰው ይህንን ሳይማር ያውቀዋል። ውጭ አገር አሁን «መጀመሪያ በመሣሪያው ላይ» የሚል አስተሳሰብ እንደ አዲስ ይሰበካል። እኛ የገባንበት ቸግሮን ነው።

የጎማ ሚዛን፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሠሪው ይህንኑ አሳየዋለሁ።

አባ ኬብል፦ መጠባበቂያ ቅጂውን መልሶ ከፍቶት እንደሆነም ጠይቂው።

ከቦሳ ቂጦ፦ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር ይሻላል ወይስ የራስ ሰርቨር?

አባ ኬብል፦ ለምን ሥራ? ለስንት ሰው? በምን ገንዘብ? «መኪና ይሻላል ወይስ በቅሎ» ብሎ መድረሻውን እንደሚደብቅ ሰው አትሁን። አማዞን ሰርቨር ማከራየት ከጀመረበት ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተለወጠው ነገር፣ ሰርቨር እንደ ንብረት መገዛቱ ቀርቶ እንደ ውኃ መቆጠሩ ነው። ቆጣሪው ግን በዶላር ነው የሚዞረው። የታካሚ ወይም የደንበኛ ስም ከያዝክ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ሳታነብ ምንም አታውጣ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም።

ፋርማሲ ቤት፦ የመድኃኒት መደብር ሥርዓት አስተዳድራለሁ። መጠባበቂያ ቅጂው በየሌሊቱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በራሱ ይፈጠራል። የእኔ ጥያቄ ስለ ዶከር ነው።

አባ ኬብል፦ መልሰህ ከፍተኸዋል?

ፋርማሲ ቤት፦ ፋይሎቹን በየቀኑ አያቸዋለሁ፤ ስማቸው ከነቀኑ አለ።

አባ ኬብል፦ የጠየቅኩህ ስማቸውን አይደለም። ሂድና አንዱን ክፈት፤ ዶከር አያመልጥህም።

ፊደል ወዳድ፦ በእኛ ሥርዓት «ፀሐይ» ብለው የተመዘገቡ ደንበኛ «ጸሀይ» ተብለው ሲፈለጉ አይገኙም።

አባ ኬብል፦ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ቅጽ 3.0 ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ለኮምፒውተሩ ጸ እና ፀ ከሀ እና ከለ እኩል ይራራቃሉ። ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጥ። በጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ ጨምር፤ በዚያ ላይ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ አምጣ። የሚፈለገውንም ቃል እንዲሁ አድርገህ አመሳስል። ሃ እና ኃ የመሳሰሉትንም አትርሳ።

ባለ በርጩማ፦ ይህ ፊደልን ማጥፋት ነው! ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት ሌባ ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱን ኮምፒውተር ሊጨፈልቀው አይገባም።

ፊደል ወዳድ፦ ደንበኛዬ ግን ካርዷ ጠፋ ተብላ ቆማ ትጠብቃለች።

ባለ በርጩማ፦ ጸሐፊው ፊደል ይማር።

አባ ኬብል፦ ግዕዙ ትክክል ነው፣ ፍርዱ ግን ስህተት ነው። ሌላ ዓምድ አልኩ እንጂ ደምስስ አላልኩም። ይልቅ የሚያስቆጣህ ነገር ከፈለግህ ይህን ስማ፦ በላቲን ፊደል አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በእኛ ፊደል 70። ለገበሬ የሚላከውን የዋጋ መልእክት ሳትቆጥር ከጻፍክ ሁለት እጥፍ ትከፍላለህ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራባቸው የቋንቋ ሞዴሎቹም ጽሑፍን በቁርጥራጭ ቆጥረው ያስከፍላሉ፤ አማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ይልቅ በብዙ ቁርጥራጭ ይበለታል። ሥርዓት ስትነድፉ ይህን በወጪ ዝርዝር ውስጥ አስገቡ።

4ኛ ዓመት፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራችንን ይወስድብናል? ደግሞ ፓይተን ልማር ወይስ ጃቫ?

አባ ኬብል፦ ሁለተኛውን ቅድም መልሻለሁ። አንደኛውን ደግሞ፣ እኔ ራሴ እጠቀምበታለሁ። ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝን በደቂቃ ይጽፈዋል። ባለፈው የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ቀይርልኝ ብዬ ባዘው ጳጉሜን በየዓመቱ 6 ቀን አድርጎ ሰጠኝ፤ ኮዱ ሲያዩት የሚያምር፣ ያለ አንዳች እንከን የሚሮጥ። የያዝኩት 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ብቻ መሆኑን ስለማውቅ ነው። ባላውቅስ? የደመወዝ ስሌት ውስጥ ይገባ ነበር። መጻፍ ረከሰ፤ ማንበብና ለተጻፈው ተጠያቂ መሆን ተወደደ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስዜድ በሚባለው፣ ብዙ ሰርቨር የሚሠራበት የሊኑክስ ሥርዓት መሣሪያ ውስጥ የተቀበረውን ድብቅ ሰርጎ መግቢያ፣ የኋላ በር የሚሉትን፣ ያገኘው አንድ መሐንዲስ ነው፤ ወደ ሰርቨሩ መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ተጠራጠረ። እንደዚያ ዓይነት ተጠራጣሪ ሁን፣ ሥራ አታጣም።

4ኛ ዓመት፦ እሺ፣ ግን ፓይተን ነው ወይስ...

አባ ኬብል፦ አዘጋጅ።

አዘጋጅ፦ ይህን ጥያቄ ዘግተነዋል።

ከቦሳ ቂጦ፦ ኩበርኔቲስን ጅማ ውስጥ የሚያስተምር አለ?

አባ ኬብል፦ አለ ይሆናል። መጀመሪያ ሊኑክስ።

ፋርማሲ ቤት፦ ጋሼ፣ ከፈትኩት። የትናንቱ ባዶ ነው። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ፤ ከየካቲት 11 ወዲህ ያሉት በሙሉ ዜሮ ናቸው። ዲስኩ ያኔ ሞልቶ ነበር መሰለኝ።

አባ ኬብል፦ ሰርቨሩ አሁን እየሠራ ነው?

ፋርማሲ ቤት፦ እየሠራ ነው። ለማንኛውም አጥፍቼ ላስነሳው?

አባ ኬብል፦ አታጥፋ። ምንም አትንካ። ባዶ ሃርድ ዲስክ ይዤ እየመጣሁ ነው፤ በሩ ላይ ጠብቀኝ። አዘጋጅ፣ የቀረውን ጥያቄ ለነገ አሳድረው።