ረግረግ፣ ጨፌ ወይስ አረንቋ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የከተማዋን ዙሪያና የግልገል ጊቤን ሸለቆ የሚያሳይ የቆየ የመልክዓ ምድር ካርታ አግኝቼ፣ የምልክቶቹን መግለጫ ለተማሪዎቼ በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። ውሃ የተኛበትን መሬት ባልደረባዬ «አረንቋ» በለው ይለኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ? የቡናውንስ ቦታ «ተክል» ልበል ወይስ «እርሻ»?

መልስ፦ አረንቋን ይተዉት። ቃሉ ዛሬ ከመሬት ይልቅ ለመከራ ያገለግላል፤ የድህነት አረንቋ፣ የጦርነት አረንቋ እንላለን። ማጥም አይሆንም። ማጥ መኪና የሚይዝ ጭቃ ነው፤ መንገድ መሃልም ይገኛል።

ለካርታ የሚስማማው ረግረግ ነው። «ረገረገ» ከሚለው ጋር አንድ ቤት ነው። አልጋ ይረገርጋል፣ የእንጨት ድልድይም ይረገርጋል። ቄጠማ የበቀለበት ረግረግ ዳር ቢቆሙ መሬቱ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ይልና ይመለሳል። ቃሉ ያንን ይዟል። በካርታዎች ላይ ሰማያዊ የሳር ምልክት የሚደረግበትም እንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ጨፌ ግን ሌላ ነው። ክረምት የሚርስ፣ በጋ ከብት የሚሰማራበት ለምለም መስክ ነው። ከአፋን ኦሮሞ ጋር የምንጋራው ቃል ነው። በገዳ ሥርዓት ጉባኤ የሚቀመጠው ጨፌ ላይ ስለነበር የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ተብሏል። ሰው ተቀምጦ የሚመክርበት መሬት ደግሞ ረግረግ አይባልም። ስለዚህ ካርታዎ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለየውንና በክረምት ብቻ የሚጥለቀለቀውን ለይቶ ካስቀመጠ፣ ሁለቱን ቃላት ይለዩ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች የሚወዱት «እርጥበት አዘል መሬት» ሁሉንም በአንድ ይጠቀልላል። ለሪፖርት ይመቻል፤ ለካርታ ግን አይመከርም።

ቡናው ይቀላል። «የቡና ተክል» አንድ እግር ቡናም ሊሆን ይችላል። የጫካ ቡና፣ የጓሮ ቡና፣ የእርሻ ቡና የሚለውን ልዩነት ተማሪዎችዎ ከቤታቸው ያውቁታል። በመስመር ተተክሎ የለማውን «የቡና እርሻ» ይበሉት። «እርሻ ልማት» ካሉ ግን ብዙ ሰው የመንግሥት እርሻ ነው የሚመስለው። ካልሆነ አይጨምሩበት።

የቦታ ስሞችን አይተርጉሙ፤ ጅማ አጠገብ ያለው ረግረግ፣ ቦዬ፣ ያው ቦዬ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ግድብ የተመረቀው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተነሳ ካርታ ላይ ሰው ሠራሹ ሐይቅ የለም። ዛሬ ውሃ የዋጠው መሬት ወንዝና መስክ ሆኖ ይታያል። ልጆቹ ካርታው ተሳስቷል እንዳይሉ፣ መግለጫውን በ«ነበር» ይጻፉ፣ ካርታው የተነሳበትንም ዓመት ከርዕሱ ሥር ያስገቡ።