ሮማን ወይስ ጃካራንዳ?

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ነው የምኖረው። ከቤቴ ግድግዳ እስከ አጥሩ 5 ሜትር ባዶ ቦታ አለ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ክረምት ውሃ ይቋጥራል። እኔ ለጥላውም ለአበባውም ጃካራንዳ አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ ደግሞ ሮማን ካልሆነ አለች። የቱን ልትከል?

መልስ፦ ለዚህ ቦታ እንኳ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ጃካራንዳ በችግኝነቱ ቀጭን ስለሆነ ያታልላል እንጂ ሲያድግ ከ10 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ወደ ጎንም ይንሰራፋል። ግማሹ ጣሪያዎ ላይ ይተኛል፤ አበባውና ደቃቅ ቅጠሉም አሸንዳውን ይደፍነዋል። አናቱን እየቆረጥኩ እይዘዋለሁ እንዳይሉ፣ ከተቆረጠበት ላይ ሽቅብ የሚወነጨፉ ቀጫጭን ቅርንጫፎች አውጥቶ ቅርጹ ይበላሻል። ሮማን ግን በመግረዝ ከ3 ሜትር በታች ይያዛል። አበባውም ቀይ ነው፤ ከጃካራንዳ ቢያንስ እንጂ የሚናቅ አይደለም።

የሚያሰጋው አፈርዎ ነው። ሮማን ድርቅ ይችላል፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ግን ይበሰብሳል። በጥቁር አፈር ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ለስላሳ አፈር ቢሞሉበት ክረምት ገንዳ ይሆናል። ይልቁንስ ከግድግዳው 2 ሜትር ርቀው፣ ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ቦታ ላይ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 1.5 ሜትር ስፋት ያለው መደብ ያበጁ። አፈሩን ከ2 ባልዲ የበሰበሰ ፍግ ጋር ይደባልቁና እላዩ ላይ ይትከሉ፤ በጎኑም ውሃ መውረጃ ቦይ ያውጡ።

ከዘር የበቀለ ሮማን እናቱን ላይመስል ይችላል። ፍሬው ከሚጥም ዛፍ እርሳስ የሚያክል፣ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ወስደው 15 ሴንቲ ሜትሩን ይቅበሩ። ከሥር የሚወጡትን ቡቃያዎች 3 ግንድ አስቀርተው ሌላውን በየጊዜው ይቁረጡ።

ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በኋላ ሲያብብ ብዙ አበባ ቢረግፍ አይደንግጡ። ግርጌው ጠብቦ ደወል የመሰለው ወንዴ ነው፤ ይረግፋል። ፍሬ የሚይዘው ሆዱ እንደ እንስራ የተነፋው ነው። ፍሬው የሚሰነጠቀው ደርቆ ከርሞ ድንገት ብዙ ውሃ ሲያገኝ ነውና፣ ፍሬ ከያዘ በኋላ በበጋ በየሳምንቱ እኩል መጠን ያጠጡት። ሲደርስ ክብ ጎኑ ጠርዝ ጠርዝ ያወጣል። ከተቆረጠ በኋላ ስለማይበስል አይቸኩሉ፤ ሲለቅሙም ሳይጎትቱ በመቀስ ይቁረጡት።