ድመት ቆጥሮ እንጀራ ይገኛል ወይ?

ጥያቄ፦ «የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን ደሴ ውስጥ ልቅ በሚዞሩ ድመቶች ላይ ልሥራ ስል ሁሉም ሳቀብኝ። ሥራ ያስገኝልኛል?»

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ቀጣሪ የሚፈልገው እንስሳን በትክክል መቁጠር መቻልሽን ነው። በእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ዘመቻ የተከተቡት ውሾች ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ኋላ መንገድ ላይ ከታዩት ስንቱ ምልክት እንዳለው ተቆጥሮ 70 በመቶ መከተቡ ይጣራል። የስሌቱ መሠረት ከታች ለድመቶችሽ ከማሳይሽ ጋር አንድ ነው። ነገ ቦረና ሳይንት ፓርክ ሄደሽ ቀይ ቀበሮ ቁጠሪ ብትባዪም ቋሚ መስመርና ቋሚ ሰዓት ያስፈልግሻል።

ሦስት ሰፈር ምረጪ፦ ሉካንዳ የበዛበት፣ የእህል መጋዘን ያለበትና መኖሪያ ብቻ የሆነ። ጎህ ሲቀድ በአንድ መንገድ በዝግታ እየሄድሽ ያየሽውን ሁሉ ፎቶ አንሺ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ድገሚው። በመጀመሪያው ዙር 24፣ በሁለተኛው 20 አየሽ እንበል፤ ከ20ዎቹ 9ኙ ቀድሞ የታዩ ናቸው። በሦስቱም ላይ 1 ጨምሪ፤ 25ን በ21 አባዝተሽ ለ10 አካፍዪ፣ 1 ቀንሺ። 52 ገደማ ይመጣል፤ ያላየሻቸውን ጨምሮ የድመቶቹ ብዛት ግምት ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፎቶው ላይ ነው። የድመት ግራና ቀኝ ጎን ዝንጉርጉሩ አይመሳሰልም። ሰኞ ግራዋን፣ ሐሙስ ቀኟን ብቻ ያነሳሻት ድመት ሁለት ሆና ትቆጠራለች፤ ዳግም የታዩት ስለሚያንሱ ግምቱ ያብጣል። ሁለቱንም ጎን አንሺ። ድፍን ጥቁሮቹን በጆሮ ቅዳጅ፣ በተሰበረ ጅራት ለዪ። ባለ ሦስት ቀለሟ ሁልጊዜ ሊባል በሚችል ደረጃ ሴት ናት።

ደሴ ላይ ደግሞ የጾም ነገር አለ። በዐቢይ ጾም የክርስቲያኑ ሉካንዳ ይዘጋል፣ የሙስሊሙ ይሠራል፤ በረመዳን ትርፍራፊው የሚወጣው ከማፍጠሪያ በኋላ ነው። አንዱን ዙር ከጾም በፊት፣ ሌላውን በጾም ካደረግሽው፣ የጠፋችው ድመት ሞታ ይሁን ሰፈር ቀይራ አታውቂም።

«ባለቤት የላትም» ብለሽም አትቸኩዪ፤ ማን እንደሚያበላት ቤት ለቤት ጠይቂ። በጎህ በሰው ደጅ ካሜራ ይዞ መቆም ያስጠረጥራልና የቀበሌ ደብዳቤ ያዢ፣ ብቻሽን አትውጪ። ድመት በእጅሽ አትያዢ። ከነከሰችሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበሽ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ሲቪሽ ላይ «በፎቶ መለያ የእንስሳት ብዛት ግምት» ብለሽ ጻፊና ያነሳሻቸውን ፎቶዎች ከነቀን፣ ከነሰዓትና ከነቦታቸው በሰንጠረዥ አደራጅተሽ ለቃለ መጠይቅ ይዘሽ ቅረቢ።